ከመፍታቴ በፊት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከለመድነው የአዳማ ነፋስም በርትቶ፣ የጓሮውን ቆርቆሮ ሲያንኳኳና አቧራውን በበር ሥር ሲያስገባ ዋለ። መብራትም አልነበረም። ምክንያቱ ሳይገባኝ ሆድ ብሶኝ ስለነበር፣ ሌላ ነገር ለመጀመር አቅም አጥቼ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ከቁራሌው የገዛኋትን የልብስ ስፌት መኪና ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

እንዴት እንደመጣች እስካሁን አልጻፍኩም። ልጁ ጋሪው ላይ ከተጨማደደ ድስትና ከአልጋ ብረት ጋር አስተኝቷት በደጃችን ሲያልፍ አየኋት። «እትዬ፣ ይቺ እንኳ ለስፌት አትሆንም፣ ደርቃለች፤ በኪሎ ነው የምትሸጠው» ብሎ በሐቅ ነገረኝ። ወደ ማቅለጫ እንዳትሄድ ብዬ ከብረት ዋጋዋ አስበልጬ ከፈልኩት፤ እሱም ተሸክሞ እስከ ውስጥ ድረስ አስገባልኝ። የላይኛው ክፍሏ ብቻ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ጠረጴዛዋና የእግር መርገጫዋ የት እንደቀሩ ልጁም አያውቅም።

ሲንጀር 15ኬ ናት። «ኬ» የሚለው ፊደል ኪልቦዊን ያመለክታል፤ ይህም በስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ሥራ ላይ ውሎ በ1980 የተዘጋው ታላቁ የሲንጀር ፋብሪካ የነበረበት ቦታ ነው። በመለያ ቁጥሯ ፊት ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት በ«ኢ» (E) መጀመራቸውም የዚያው ፋብሪካ ሥራ መሆኗን ያረጋግጣል። ፋብሪካው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ በዚያች ከተማ ያለ አንድ የባቡር ጣቢያ ዛሬም «ሲንጀር» ተብሎ ይጠራል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የእኛው አሮጌ ባቡር ጣቢያ ትዝ አለኝ፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ ከጅቡቲ ወደብ የተጫነው ዕቃ በዚህች ከተማ በኩል ሲያልፍ በኖረበት ዘመን፣ እሷም በእንጨት ሣጥን ታሽጋ እዚሁ ወርዳ ይሆናል እያልኩ አስባለሁ።

የደረቀችው በዝገት ብቻ አይደለም። ወደ እኔ የሚመጡት መኪናዎች አብዛኞቹ የሚታመሙት በአንድ ዓይነት ምክንያት ነው፤ የስፌት መኪና ዘይት ሲጠፋ የምግብ ዘይት ይጠጣሉ፣ የምግብ ዘይት ደግሞ አየር ሲያገኘው እየዋለ እያደረ ወደ ሙጫ ይለወጣል። ያን ሙጫ የሚያላቅቀው ላምባ ነው። በየዘይት ቀዳዳው ላምባ አንጠባጥቤ፣ የቀትሩ ፀሐይ ብረቱን እስኪያግለው ድረስ ጓሮ አስቀምጬ፣ መዘውሩን ሳላስገድድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት በጥቂት ስወዘውዘው፣ በአራተኛው ቀን ሙሉ ዙር ዞረች። ለብቻዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የወርቅ ቀለም ጌጦቿን ግን ከስፌት መኪና ዘይት በቀር በምንም አልነካም። የመጀመሪያዋን መኪናዬን በአልኮል ስወለውል፣ ጌጡን የሚጠብቀው ስስ ሽፋን ሟሙቶ ወርቁ እንዳለ ወደ እጄ ጨርቅ ሲሸጋገር ያየሁበት ቀን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከመርፌዋ ሥር ያለውን ሳህን ሳነሣ፣ ጨርቁን በሚጎትቱት ጥርሶች መካከል የክርና የጨርቅ ብናኝ እንደ በርኖስ ተጠቅጥቆ አገኘሁት። በመርፌ ጫፍ ስገልጠው ከላይ ካኪ፣ ከሥሩ ነጭ፣ ቀጥሎ ጥቁር፣ ከዚያ እንደገና ወፍራም ካኪ ሆኖ ወጣ። የተማሪ ልብስ፣ ምናልባት የነጠላ ጠርዝ፣ የሐዘን ልብስ፣ ከዚያ ደግሞ የሌላ ዓመት ተማሪዎች። ለመጣል አልደፈርኩም፤ በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ዛሬ እጄን የያዘኝ የክር መወጠሪያዋ ነው። ለማጽዳት ልፈታት ጣቴን ካሳረፍኩባት በኋላ ቆምኩ። በዚህች መኪና ላይ መወጠሪያዋ የምትገኘው ከመርፌው በስተግራ፣ ግንባሯ ላይ ነው፤ ክሩ በሁለት ክብ ዝርግ ብረቶች መካከል ያልፋል፣ ሞላዋ ብረቶቹን እርስ በርስ ታጣብቃቸዋለች፣ ከፊት ያለችው ትንሽ ክብ ብሎን ደግሞ ሞላዋን ታጠብቃታለች ወይም ታላላታለች። የላዩ ክር ከመጠን በላይ ከተወጠረ የታችኛውን ስቦ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ከላላ ደግሞ ከጨርቁ ሥር ቀለበት እየሠራ ይንዘላዘላል፤ ልኩን ሲያገኝ ግን ሁለቱ ክሮች የሚቆላለፉበት ቦታ በጨርቁ ውፍረት ውስጥ ተደብቆ፣ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ስፌት ይታያል። በኋላ በመጡ መኪናዎች መወጠሪያ ላይ ከ0 እስከ 9 ቁጥር ተጽፏል። በዚህችኛዋ ላይ ምንም የለም። ልኩን የሚያውቀው የሰፊው ጣትና ዓይን ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ብሎኗ ዛሬ የቆመችበት ቦታ፣ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው ለመጨረሻ ጊዜ «በቃ፣ እዚህ ጋ ነው» ያለበት ቦታ ነው።

ለዚህ ነው አንዲት መኪና መዞር ከቻለች፣ ምኗንም ከመፍታቴ በፊት በተገኘችበት ውጥረት አንድ ስንዝር ያህል አቡጀዲ ላይ የምሰፋባት። ቁራጮቹን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖራቸዋለሁ፤ እስካሁን 11 ሆነዋል። ለወፍራም ጨርቅ የተወጠሩ አሉ፣ ለስስ የላሉ አሉ፤ አንደኛው እጅግ ከመስተካከሉ የተነሣ ሰፊው ሰው ዝምተኛና ጠንቃቃ እንደነበረ እገምታለሁ፤ ለግምቴ ማስረጃ የለኝም።

በዚህችኛዋ ግን መስፋት አልቻልኩም። ሁለቱ ዝርግ ብረቶች በዝገት ተጣብቀዋል፤ ክር አያሳልፉም። ክር እንዲያልፍ መፈታት አለባቸው፣ ከተፈቱ ደግሞ ያ ውጥረት ይጠፋል። ብሎኗ ስንት ዙር እንደምትፈታ ቆጥሬ መልሼ ላጠብቃት እችላለሁ፤ ይህን አስቤበታለሁ። ነገር ግን ሞላዋ ዝጋ ሳስታለች፣ አዲስ ሞላ ቢገባላት ደግሞ ያው የዙር ብዛት ያንኑ ውጥረት አይሰጥም። ይህም ሁሉ ቀርቶ፣ ብሎኗን ለመጨረሻ ጊዜ ያዞራት ሰፊው ላይሆን ይችላል፤ ጓሮ ተጥላ ሳለች የተጫወተባት ሕፃን ሊሆን ይችላል። ያልነበረ ውሳኔ ይሆናል ይህን ያህል የምጠብቀው።

እናቴ ብትሆን ይህን እንዴት ታየው ነበር? የእሷም መኪና በዚሁ በሲንጀር 15 አምሳያ የተሠራች፣ «ቢራቢሮ» የምትባል የቻይና መኪና ነበረች፤ መርፌያቸውም ቦቢናቸውም (የታችኛው ክር መጠቅለያ) አንድ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም ቤታችን በካኪ ይሞላ ነበር፤ እኛም ቁልፍ እንተክላለን፣ ክር እንቆርጣለን፣ መዘውሩንም እንድናዞር ይፈቀድልናል። «ሌላውን ሁሉ ንኩ፣ እሷን ግን አትንኩብኝ» የምትለው ስለ መወጠሪያዋ ብቻ ነበር። ጨርቅ ስትቀይር ራሷ በሁለት ጣቷ ጥቂት ታዞራትና፣ ክሩን በእጇ እየሳበች ዓይኗን ትጨፍናለች። ልኩን ስታገኝ ፊቷ ላይ ይታወቅ ነበር። ታናሼ አንድ ጊዜ ነክቷት እጁን የተመታውን አይረሳም፤ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

የእናቴ መኪና አንድ ዓመት ላይ ተሸጠች፤ ምክንያቱን እዚህ መናገር አልፈልግም። ሊገዛት የመጣው ሰው ልብስ ሰፊ ነበር። የእናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ከወለሉ ላይ ቁራጭ ጨርቅ አንሥቶ አንድ መስመር ሰፋ፤ ገልብጦ አየውና ማንንም ሳይጠይቅ ብሎኗን ግማሽ ዙር ያህል አዞራት። ደግሞ ሰፋና ራሱን ነቀነቀ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የእናቴን ድምፅ ጠበቅኩ። አልሰማሁም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ገንዘቡን ሳትቆጥር ተቀብላ፣ «ሠርተህ ብላባት» ብላ መረቀችው። መኪናዋን ጋሪ ላይ ሲጭኑም ከቤት አልወጣችም።

ሰውየው ጥፋት አልሠራም፤ ዛሬ እኔም የማደርገው እሱ ያደረገውን ነው። ያ ግማሽ ዙር ግን ከብዙ ዓመት በኋላም ጣቴ ላይ አለ፤ የማንኛዋንም መኪና ብሎን ስይዝ ይሰማኛል።

እናቴ አሁን ወንጂ፣ እህቴ ዘንድ ናት። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ መርፌ አትይዝም፤ ስለ መኪናዎቹ ስነግራት ግን በደስታ ትሰማኛለች፣ «ዘይቱን አትርሺ» ትለኛለች። አሁን ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ሰውየው በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ መቼ ወደ እሱ እንደዞረች ግን አላስታውስም። ያን ጊዜ ጣቱን አይታው ነበር?