ከካንገርሉሱዋክ እስከ ሲሲሚዩት፦ በግሪንላንድ ምድረ በዳ ዘጠኝ ቀን ብቻዬን

በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. አጋማሽ ከኮፐንሀገን የተሳፈርኩበት አውሮፕላን አራት ሰዓት ተኩል ያህል በርሮ ካንገርሉሱዋክ ሲያርፍ፣ የግሪንላንድ ሰዓት ከዴንማርክ በአራት ሰዓት ወደኋላ ስለነበር ቀኑ ገና ጠዋት ነበር። የቦታው ስም «ትልቁ ፊዮርድ» ማለት ነው፤ ፊዮርድ በተራሮች መካከል ወደ ምድር የገባ ጠባብ የባሕር ክንድ ነው። መንደሩ የተቆረቆረው ግን አሜሪካኖች በ1941 እ.ኤ.አ. የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ስለሠሩበት ነው፤ በ1992 ለግሪንላንድ አስረክበው ከወጡም በኋላ የቀድሞው የወታደር ሰፈር መልክ አልጠፋም። በአውሮፕላን ጋዝ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ በመጀመሪያ ያደረግሁት ሱቅ ሄዶ ለምድጃዬ የሚሆን ጋዝ መፈለግ ነበር፤ ከመደርደሪያው ላይ የቀሩትን ሁለት ትንንሽ ሲሊንደሮች ሳገኝ የተሰማኝን እፎይታ እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

እፎይታው ግን ብዙ አልቆየም። የእግር መንገዱ የሚጀምርበት ኬሊቪል የሚባለው ቦታ ከአውሮፕላን ማረፊያው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ወደዚያ ያደረሰኝ ሾፌር 600 የዴንማርክ ክሮነር ሲጠይቀኝ ሌላ አማራጭ ያለ ስላልመሰለኝ ከፈልኩ። በማግሥቱ ያገኘኋቸው ሁለት ጀርመኖች በዚያው ቀን ለዚያው መንገድ ለሁለት 350 ክሮነር መክፈላቸውን ሲነግሩኝ በጣም ተናደድኩ። ንዴቴ ከገንዘቡ ይልቅ ሳልጠይቅና ሳልከራከር በመክፈሌ ነበር፤ ከጎኔ ሰው ቢኖር «ቆይ፣ ሌላ ሰው እንጠይቅ» ይለኝ ነበርና።

ያ ሰው መኖር ነበረበት። ጉዞውን ያቀድነው ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነበር፤ እርሱ ግን ሦስት ሳምንት ሲቀረን ጉልበቱን ታሞ ቀረ። ብቻዬን ለመሄድ ስወስን የፈራሁት ብርዱንና አራዊቱን ነበር። መንገዱ በምዕራቡ ዳርቻ እስካለችው ከተማ እስከ ሲሲሚዩት ድረስ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በመካከሉ መንደር፣ ሱቅ ወይም የስልክ አገልግሎት የለም። በ1፡100,000 መጠን የተዘጋጁ ሦስት ካርታዎች፣ ኮምፓስ፣ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ፣ ድንኳንና የአሥራ አንድ ቀን ምግብ ተሸክሜ ስነሣ የጀርባ ቦርሳዬ 19 ኪሎ ይመዝን ነበር። የኮምፓሱ ቀስት በዚያ አገር ከእውነተኛው ሰሜን ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ምዕራብ ስለሚያጋድል፣ ይህን ሳያስተካክል በጉም ውስጥ የሚሄድ ሰው ሳያውቀው ሌላ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ አስቀድሜ አጥንቼ ነበር፤ ያላጠናሁት፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚነሡትን መቶ ትንንሽ ጥያቄዎች የሚመክር ሳይኖር ለብቻ መወሰን ምን ያህል እንደሚያደክም ነው።

አገሩ ደረቅ ነው። ከባሕር የሚመጣው ዝናብ አብዛኛው በዳርቻው ተራሮች ላይ ስለሚቀር ካንገርሉሱዋክ አካባቢ ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ይሁንና ከላይኛው አፈር በታች ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ በረዶ እንደሆነ ስለሚቆይ፣ የሚዘንበው ጥቂት ውኃ እንኳ ወደ ታች መስረግ አቅቶት ከላይ ይተኛል፤ በዚህም ምክንያት በደረቁ አገር ውስጥ የሚሄድ ሰው በየሰዓቱ ረግረግ ውስጥ ይገባል። ቀና ብሎ የቆመ ዛፍ የለም። አኻያውና በርች የሚባለው ተክል በአብዛኛው መሬት ለመሬት እየተሳቡ የሚያድጉ ስለሆኑ አብዛኛው ጫካ ከጉልበት በታች ነው፤ በዚያ ወቅት ቅጠሉ መቅላት ጀምሮ ስለነበር ኮረብታዎቹ ከሩቅ ሲታዩ ቀይ ምንጣፍ የተዘረጋባቸው ይመስሉ ነበር። በየመንገዱ ብሉቤሪና ሌላ ጥቁር ፍሬ እየለቀምኩ በላሁ። ተጓዦችን የሚያማርረው ቢምቢም በነሐሴ መጨረሻ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ጠፍቶ ነበርና ፊቴን በመረብ መሸፈን አላስፈለገኝም።

በሁለተኛው ቀን ካቲፊክ ከምትባለው ትንሽ ጎጆ ደረስኩ። እነዚህ ጎጆዎች ጠባቂ የላቸውም፤ ቁልፍም ክፍያም የለም፤ የደረሰ ያድርባቸዋል፣ ሲሄድም ጠርጎ ይወጣል። ሁለቱን ጀርመኖች ያገኘሁትና የከፈሉትን የመኪና ዋጋ የሰማሁት እዚያ ነው፤ ጀርመኖቹ በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ሄዱ፣ ዳግመኛም አላየኋቸውም። ከካቲፊክ ቀጥሎ አሚትሶርሱዋክ የሚባለውን ረጅም ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዞ አንድ ሙሉ ቀን መሄድ ነው። ተጓዦች እንዲቀዝፉባቸው የተተዉ ታንኳዎች በዳርቻው አንዳንዴ ይገኛሉ ሲባል ሰምቼ ስለነበር በየመታጠፊያው ብፈልግም ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ወለሉ ተሰንጥቆ ነበር።

እኔ ያደግሁት በገጠር መንገድ ግማሽ ሰዓት ሳይሄዱ ሰው በሚገኝበት አገር ነው፤ ያገኘህ ሰው ሁሉ ሰላም ብሎ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ ሳይል አያልፍህም። በልጅነቴ ይህ ጥያቄ ያሰለቸኝ ነበር። ከጀርመኖቹ ከተለየሁ በኋላ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ሰው ሳላገኝ ስሄድ፣ ከየት መጣህ የሚለኝ ሰው ናፈቀኝ። በዚያ ፈንታ ያነጋገሩኝ የድንጋይ ቁልሎቹ ነበሩ ማለት እችላለሁ። መንገዱን የሚያመለክቱት እነዚህ ቁልሎች በላያቸው ቀይ ግማሽ ክብ ተቀብቶባቸዋል፤ ከግሪንላንድ ባንዲራ ላይ ያለችውን ፀሐይ የምታስታውስ ምልክት ናት። ምልክቱን ባየሁ ቁጥር እዚህ ቦታ ቆሞ፣ አስቦ፣ መንገዱ በዚህ ነው ብሎ የወሰነ ሰው እንዳለ አውቅ ነበር። እኔም እያለፍኩ የፈረሱትን መልሼ እደረድር ነበር።

በአራተኛው ቀን ማታ ኢካቶክ ወደሚባለው ጎጆ በሚወስደው ከፍታ ላይ ድንኳኔን ተከልኩ። ጎጆው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቀረኝ ነበር፤ ደክሞኝ ስለነበርና ሰማዩም ጸጥ ያለ ስለመሰለኝ እዚያው አደርኩ። ውሳኔው የተሳሳተ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነፋስ ከዝናብ ጋር መጣ፤ አፈሩ ስስ ስለነበረ ካስማዎቹ አንድ በአንድ ይነቀሉ ጀመር። ወጥቼ ድንጋይ ጫንኩባቸው፣ ተመልሼ ገባሁ፣ ሌላው ተነቀለ። በመጨረሻ የመኝታ ከረጢቱን እስከ ወገቤ ለብሼ የድንኳኑን ምሰሶ በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ፤ እጄ ሲዝል በጀርባዬ እደግፈዋለሁ፣ ጀርባዬ ሲበርደው መልሼ በእጄ እይዛለሁ። ድንኳኑ ከተቀደደ ምን አደርጋለሁ የሚለውን በዝርዝር አሰብኩ፦ ቦርሳውን ትቼ ካርታውን፣ ከረጢቱንና የሳተላይት መሣሪያውን ብቻ ይዤ ወደ ጎጆው እሄዳለሁ ብዬ ቆረጥኩ። አልተቀደደም። ሲነጋ ነፋሱ በመጠኑ ረገበ፤ እርጥቡን ድንኳን ጠቅልዬ ኢካቶክ ስደርስ ጎጆው ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኛሁና ወደ ኢቲኔክ ሸለቆ ወረድኩ።

የመንገዱ ትልቁ ወንዝ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ነው። ዝናብ በሌለበት ጊዜ ውኃው ከጉልበት ብዙም አያልፍም ይባላል፤ እኔ የደረስኩት ግን ሌሊቱን ሙሉ ከዘነበ በኋላ ነበር። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ድልድይ አለ፤ ወደ እርሱ የሚወስደው መሬት ግን በዚያ ቀን ረግረጉ ሞልቶ ትንሽ እንደሄድኩ እስከ ጭኔ ሰጠምኩና ተመለስኩ። መሻገሪያው ላይ ቆሜ የቦርሳውን የወገብ ቀበቶ ፈታሁ፤ ሰው ቢወድቅ ቦርሳው ይዞት እንዳይሰምጥ ቀበቶው መፈታት አለበት። ፊቴን ውኃው ወደሚመጣበት አዙሬ፣ ሁለቱን ምርኩዞች ተክዬ አምስት እርምጃ ገባሁ። በስድስተኛው እርምጃ ውኃው ጭኔ ላይ ደርሶ ምርኩዙን ሲያንቀጠቅጠው ተሰማኝ። ወጣሁ። ጓደኛዬ ቢኖር አንዳችን እንግባ ስንል አንዳችን እንቆይ እንል ነበር፤ ተከራክረንም ቢሆን አንዱ ሐሳብ ያሸንፍ ነበር። ብቻዬን ስሆን ሁለቱም ሐሳቦች የእኔ ስለነበሩ አንዱን ከሌላው የማመዝንበት ነገር አጣሁ። ያን ጊዜ ከዳርቻው ሁለት ሜትር ያህል ገባ ብሎ ውኃ የሸፈነው አንድ ጠፍጣፋ ግራጫ ድንጋይ አየሁ። ወንዙ ከበረዶ መቅለጥ ይልቅ ከዝናቡ የሞላ ስለሆነ ዝናቡ ካቆመ መጉደሉ እንደማይቀር አስቤ፣ የድንጋዩ ጀርባ ደርቆ እስካላየሁ ድረስ አልገባም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁና በረግረጉ ዳር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ድንኳኔን ዳግመኛ ተከልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉ፣ ማታም በየጊዜው እየወጣሁ ድንጋዩን አየሁት። በማግሥቱ ማለዳ ጀርባው ከውኃው በላይ ወጥቶ፣ ደርቆም ነበር። ስሻገር ውኃው ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ቢልም ምርኩዙ አልተንቀጠቀጠም። ቅዝቃዜው እግሬን አደንዝዞት ስለነበር ወደ ማዶ ወጥቼ ጫማዬን ለማሰር ጣቶቼ እስኪታዘዙልኝ ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ።

በዚያው ቀን ኤካሉጋርኒያርፊክ ከሚባለው ጎጆ ስደርስ ከጭስ ማውጫው ጭስ ሲወጣ አየሁና ደስታዬን መግለጽ አልችልም። ወቅቱ የአርክቲክ አጋዘን የሚታደንበት ነው፤ አንድ አዛውንትና አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነው የልጅ ልጃቸው ከፊዮርዱ በጀልባ መጥተው ለአደን እዚያ አርፈው ነበር። አዛውንቱ እርጥብ ካልሲዬን ከእጄ ተቀብለው ከምድጃው በላይ ሰቀሉልኝ፤ ቡና ቀዱልኝ፤ ኒኩ የሚሉትን የአጋዘን ቋንጣ ቆርሰው ሰጡኝ። ሌሊቱን የት እንዳደርኩ በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት ጠየቁኝ። የወንዙን ነገር ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ በእጃቸው ወደ ኢቲኔክ አቅጣጫ እያመለከቱ፣ የእርሳቸው ሰዎች በዚያ ሸለቆ ወንዙ እስኪጎድል ሲጠብቁ እንደኖሩ ነገሩኝ። ያ አካባቢ የግሪንላንድን መሐል ከሸፈነው የበረዶ ንጣፍ እስከ ባሕሩ ድረስ አሲቪሱይት-ኒፒሳት በሚል ስም በ2018 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ከአራት ሺህ ዓመት በላይ የአደን ኑሮ አሻራ አለበት። እኔ ምድረ በዳ ብዬ የሄድኩበት አገር ለእርሳቸው የቤተሰብ ማረፊያ ነበር። ቁያናክ ብዬ በቋንቋቸው ሳመሰግናቸው ልጁ አነጋገሬን አስተካከለልኝ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ በመጀመሪያ ድንጋይ የመሰሉኝን አራት ጥቁር ነገሮች አየሁ፤ አንደኛው ቀና ሲል ኡሚማክ፣ በእንግሊዝኛ መስክ ኦክስ የሚባሉት ባለ ረጅም ጠጉር የአርክቲክ እንስሳት፣ መሆናቸውን አወቅሁ። ስማቸው «ጺመ ረጅም» ማለት ነው፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከምሥራቅ ግሪንላንድ ወደ ካንገርሉሱዋክ አካባቢ ከመጡ 27 እንስሳት የተባዙ ናቸው። ሲቀርቧቸው ስለሚያጠቁ አንድ ሰዓት የፈጀ ዙር ዞሬ አለፍኳቸው፤ ያንን ዙር ያለ አንዳች ማመንታት ወሰንኩ። በዚሁ ቀን በሞተር ለሚሄዱ ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪዎች የተቀደደ አዲስ የአፈር መንገድ በሩቅ ታየኝ። በግሪንላንድ ሁለት ከተሞችን የሚያገናኝ መንገድ እስካሁን የለም፤ የአካባቢው ሰዎች መንገድ የመፈለግ መብታቸውን አከብራለሁ፤ ሆኖም እርጥቡ መሬት ላይ የተቀደደው ቁስል ለመዳን ብዙ ዓመት እንደሚፈጅበት ሳስብ አዘንኩ።

ኢናዩአቶክና ኔሩማክ የሚባሉትን ጎጆዎች በጉምና በካፊያ አለፍኩ። በመጨረሻው ሌሊት ሰማዩ ተገልጦ የሰሜን ብርሃን የሚባለው አረንጓዴ ብርሃን ከአድማስ እስከ አድማስ ሲወዛወዝ ለጥቂት ደቂቃ አየሁ፤ እንቅልፍ አሸንፎኝ ገባሁ፤ እስካሁን የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

በዘጠነኛው ቀን ናሳሳክ የተባለውን ተራራ ወደ ጎን ትቼ ወደ ሲሲሚዩት ስወርድ አስቀድሞ የተቀበለኝ የውሾች ጩኸት ነበር። ከአርክቲክ ክበብ በስተ ሰሜን ከግሪንላንዱ የበረዶ ላይ ጋሪ ጎታች ዝርያ በቀር ሌላ ውሻ ማስገባት አይፈቀድም፤ በከተማዋ ዳርቻ በመቶ የሚቆጠሩት ታስረው በአንድነት ይጮሃሉ። በእንግዳ ማረፊያው ለአንድ አልጋ 350 ክሮነር ከፍዬ ገላዬን ታጠብኩና ወደ ወጥ ቤቱ ገባሁ። አንዲት ወጣት ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ነበር፤ በማግሥቱ እኔ ከመጣሁበት ወደዚያው ብቻዋን ልትነሣ ነው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ቀጥላም ጣቷን ኢቲኔክ ላይ አድርጋ፣ ወንዙ ይሻገሩታል ወይ አለችኝ። እርሳሷን ተቀብዬ መሻገሪያው ላይ ምልክት አደረግሁ። «ከዳርቻው ሁለት ሜትር ያህል ገባ ብሎ ጠፍጣፋ ግራጫ ድንጋይ አለ» አልኳት፤ «አንቺ የምትደርሺው ከማዶው ስለሆነ ከዚያ ሆነሽ ፈልጊው፤ ጀርባው ደርቆ ካየሽው ተሻገሪ፣ ውኃ ከሸፈነው ግን ድንኳንሽን ትከዪና ጠብቂ።» ድንጋዩን በካርታው ጠርዝ ላይ ሳለችው።