ከብርጭቆ የተሠራ ሻጋታ

በአሜሪካ በካምብሪጅ ከተማ፣ በሃርቫርድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ከ4,000 በላይ የሚሆኑ የዕፅዋት ቅርጾች ይገኛሉ። ከውስጥ ከሚደግፋቸው ሽቦ፣ ከሙጫውና ከቀለሙ በስተቀር ቅጠላቸውም፣ ሥሮቻቸውም፣ በአበባው መሐል የቆሙት ጥቃቅን ዘንጎችም ብርጭቆ ናቸው። የሠሯቸው በጀርመን አገር በድሬስደን አጠገብ ይኖሩ የነበሩት ሊዮፖልድ ብላሽካና ልጁ ሩዶልፍ ናቸው፤ ሥራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1936 ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

ሐሳቡ የመነጨው ከጌጥ ፍላጎት አልነበረም። የዕፅዋት ሊቁ ጆርጅ ጉዴል፣ ተጭኖ የደረቀ ተክል ቀለሙንና መልኩን ስለሚያጣ፣ ከሰም የሚሠራውም ጥራት ስለሚጎድለው፣ ለተማሪዎች የሚያሳየው ነገር ቸግሮት ነበር። አባትና ልጁ ለሙዚየሞች የባሕር እንስሳትን ከብርጭቆ እንደሚሠሩ ያውቅ ስለነበር በ1886 ድሬስደን ድረስ ሄዶ አግባባቸው። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች በኒው ዮርክ ጉምሩክ ክፉኛ ቢሰባበሩም ስብርባሪው ራሱ የሥራውን ጥራት ለማሳየት በቅቷል፤ ወጪውንም የጉዴል ተማሪ የነበረችው ሜሪ ሊ ዌርና እናቷ ሸፈኑ።

መሣሪያቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ አንድ ጠረጴዛ፣ የመብራት ነበልባል፣ በእግር የሚረገጥ ወናፍ፣ ወረንጦና የመሳሰለው ነው። ምስጢር ይዘዋል እየተባለ ሲወራ ሊዮፖልድ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጥበቡ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየዳበረ የሚሄድ የእጅ ልምድ እንጂ የተደበቀ መሣሪያ እንዳልሆነ ገልጿል። በዚህ ስሌት ከሄድን ጥበቡ የበለጠ የሚዳብረው በልጅ ልጆቹ እጅ መሆን ነበረበት፤ ሩዶልፍ ግን ልጅም ደቀ መዝሙርም አልነበረውም።

ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቀው አበቦቹን ነው፤ እኔ ግን የምደነቀው በታመሙት ፍሬዎች ነው። ሩዶልፍ አባቱ በ1895 ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከ1924 እስከ 1932 ባለው ጊዜ፣ በሽታ የመታቸውን የፍራፍሬ ዓይነቶች ሠራ፤ ግራጫ ሻጋታ የወረረው እንጆሪ፣ ቅጠሉ የተኮማተረ ኮክ፣ ቆዳው የቆሳሰለ ፒር ከእነዚህ መካከል ናቸው። ያማረ አበባን አስመስሎ መሥራት ከባድ ቢሆንም ዓይን በውበቱ ተማርኮ ብዙ ጉድለት ያልፋል፤ የሻጋታን ብናኝ፣ የበሰበሰ ሥጋን ልስላሴና የደረቀ ጠርዝን በጠንካራና በሚያብረቀርቅ ነገር ለማሳየት ግን ብርጭቆው ብርጭቆ መምሰሉን ጨርሶ መተው አለበት። ሩዶልፍ ይህን የሠራው ዕድሜው ወደ ሰባ ዓመት ተጠግቶና ከዚያም አልፎ ሳለ ነው፤ ስለዚህ በዚያ የሚያልፍ ሰው ጊዜ ካጠረው አበቦቹን ለሌላ ቀን ትቶ በቀጥታ ወደ ፍሬዎቹ ቢሄድ እመርጣለሁ።