ንጹህ የሚመስለው ብልቃጥ

ግንቦት ነው፣ ድሬ ነው፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ሳቢያን ሰፈር በሙሉ ጥላ ፍለጋ ደጅ ወጥቷል። እኔ ግን ከፍሪጁ አጠገብ መራቅ አቃተኝ። የእማዬ ኢንሱሊን እዚያ ነው ያለው።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። እማዬ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። «ንጹህ ነው ልጄ፣ ምን ያስጨንቅሃል?» አለችኝ። እውነትም ጠብታ ውሃ ይመስላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄው ነው። ሳይደፈርስም ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል።

ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። ሁለት ሰንሰለት አለው፤ አንዱ 21፣ ሌላው 30 አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ትንንሽ ክፍሎች። ሰንሰለቶቹ ተጣጥፈው የራሳቸውን ቅርጽ ሲይዙ ነው ሴሉ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር የሚገጥመው። ሙቀት ሲበረታበት ቅርጹ ይላላል። የተፈቱት ደግሞ እርስ በርስ እየተያያዙ ቀጫጭን ክር ይሆናሉ። 51ዱም አሚኖ አሲዶች እዚያው አሉ። ምንም አልጎደለም። ስኳር ማውረዱ ግን ቀረ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ክርስቲያን አንፊንሰን የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ራይቦኑክሊዬዝ የተባለ ፕሮቲን በኬሚካል ፈታው። ፕሮቲኑ ሥራ አቆመ። ኬሚካሉ ሲወገድለት ግን ራሱ ተመልሶ ተጣጠፈና ሥራውን ጀመረ። ማን አሳየው? ማንም። መመሪያው በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኖቤል ያሸለመው ይህ ሥራ ነው። ታዲያ የተቀቀለ እንቁላል ለምን ቀዝቅዞ ጥሬ አይሆንም? እዚያ ብዙ ፕሮቲኖች በአንድ ላይ ተፈትተው፣ ወደ ራሳቸው ሳይመለሱ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ክር የሆነ ኢንሱሊንም ፍሪጅ ቢገባ አይድንም።

ከዚህ በኋላ ሐሳቤን መመለስ አልቻልኩም። ሳይረስ ሌቪንታል የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1969 ያነሳው ነገር አለ። አንድ ሰንሰለት ሊይዝ የሚችለውን ቅርጽ ሁሉ አንድ በአንድ ይሞክር ቢባል፣ የጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ አይበቃውም። ብዙዎቹ ትንንሽ ፕሮቲኖች ግን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተጣጥፈው ይጨርሳሉ! ስለዚህ በጭፍን አይሞክሩም፤ የሚመራቸው ነገር አለ። ውሃ የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች ወደ ውስጥ መሸሸጋቸው አንዱ መሪ ነው።

ዛሬ አልፋፎልድ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅደም ተከተሉን አይቶ የመጨረሻውን ቅርጽ ይተነብያል። ዴሚስ ሐሳቢስና ጆን ጃምፐር በዚህ ሥራ የ2024ን የኬሚስትሪ ኖቤል ከዴቪድ ቤከር ጋር ተካፍለዋል። በእውነት የሚያኮራ የሰው ልጅ ሥራ ነው። ግን የሚነግረን መድረሻውን ነው። እኔ መንገዱን ማወቅ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ የሚታጠፈው የቱ ጋ ነው? ሁሉም ሰንሰለት በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው፣ ወይስ እያንዳንዱ በየራሱ አቅጣጫ መጥቶ እዚያው ቅርጽ ላይ ይገናኛል?