በፓርኪንሰን በኩል መግባት፦ የኦክሲደቲቭ ስትረስ ንባቤ የት ደረሰ?

ሰላም ወዳጆች። በትርፍ ጊዜዬ ስለ አንጎል በሽታዎች ማንበቤን ቀጥያለሁ። ሰሞኑን ኦክሲደቲቭ ስትረስ (ጎጂ የኦክስጅን ሞለኪውሎች በሴል ላይ የሚያደርሱት ጫና) እና የአንጎል ብግነት ላይ ነኝ። አሁን ለምትጀምሩ አንድ ምክር አለኝ፦ አልዛይመርን፣ ፓርኪንሰንንና ኤኤልኤስን (ጡንቻ የሚያዝዙ ነርቮችን የሚገድል በሽታ) አንድ ላይ አትያዙ፣ ጭንቅላት ያዞራል። እኔ ፓርኪንሰንን ያስቀደምኩት በአንድ ታሪክ ምክንያት ነው።

ጊዜው 1982፣ ቦታው ካሊፎርኒያ። ሄሮይን የሚወስዱ ወጣቶች በድንገት ድርቅ ብለው ሆስፒታል ይመጣሉ። ዶክተር ዊሊያም ላንግስተንና ባልደረቦቻቸው ሲመረምሯቸው ምልክቱ ቁልጭ ያለ ፓርኪንሰን ነው። ዕድሜያቸው ግን ለዚህ በሽታ ገና ነው። የፓርኪንሰን መድኃኒት የሆነው ሌቮዶፓ ሲሰጣቸው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ጉዱ የወጣው ከዕፁ ነበር። በድብቅ ሲሠራ ኤምፒቲፒ የተባለ ኬሚካል ሳይታሰብ ተፈጥሮበታል።

ኬሚካሉ የሚሄድበትን መንገድ ወረቀት ላይ ሳሉት፣ ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። አንጎል ከገባ በኋላ ኤምኤኦ-ቢ የተባለ ኢንዛይም ወደ መርዝነት ይለውጠዋል። ዶፓሚን (ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልግ የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል) አምራች ሴሎች ደግሞ ዶፓሚን በሚያስገቡበት በር ራሳቸው ያስገቡታል። ከዚያ የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ኮምፕሌክስ አንድን፣ ማለትም ኤሌክትሮን የሚያስተላልፈውን ፕሮቲን፣ ይዘጋል። የኃይል ምርት ይወርዳል። መንገድ የተዘጋባቸው ኤሌክትሮኖችም ኦክስጅን ላይ እያረፉ ሱፐርኦክሳይድ ይፈጥራሉ። እንዲህ ያለው ጎጂ ሞለኪውል ሴሉ ሊያጠፋው ከሚችለው በላይ ሲሆን ኦክሲደቲቭ ስትረስ እንላለን።

እነዚህ ሴሎች መርዝ ባይነካቸውም ኑሯቸው ከባድ ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ከኦክስጅኑ 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። በዚያ ላይ ዶፓሚን ሲፈርስ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይወጣል። አካባቢው ደግሞ ብረት ይበዛበታል። ሁለቱ ሲገናኙ ከሁሉ የከፋው ሃይድሮክሲል ራዲካል ይወለዳል።

ብግነቱን በተመለከተ ያስደነገጠኝ የ1999ኙ ጽሑፍ ነው። የላንግስተን ቡድን ኤምፒቲፒ ወስደው የነበሩ የሦስት ሰዎችን አንጎል ከሞታቸው በኋላ መረመረ። ከዕፁ በኋላ ከ3 እስከ 16 ዓመት ኖረዋል። ማይክሮግሊያ፣ ማለትም የአንጎል ተከላካይ ሴሎች፣ ያን ሁሉ ጊዜ ቆይተውም የነርቭ ሴሎችን ከበው ነቅተው ተገኙ! የሚሞተው ሴል ስብርባሪ ማይክሮግሊያን ይቀሰቅሳል፣ የተቀሰቀሰው ማይክሮግሊያም ራሱ ሱፐርኦክሳይድ ይረጫል፣ ያ ደግሞ ሌላ ሴል ይጎዳል። እኔ እንደገባኝ ኦክሲደቲቭ ስትረስንና ብግነትን ለየብቻ ማጥናት ብዙም አያስኬድም። በእርግጥ የሦስት ሰው አንጎል ትንሽ ነው። አብዛኛው የፓርኪንሰን ታማሚም ይህን ኬሚካል በዓይኑ አላየውም።

«እንግዲያው አንቲኦክሲዳንት (እነዚህን ጎጂ ሞለኪውሎች የሚያከሽፍ ነገር) መዋጥ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ተሞክሯል። በአሜሪካና በካናዳ 800 ታማሚዎች የተሳተፉበት ዳታቶፕ የተባለ ጥናት ነበር። በቀን 2000 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ተሰጥቶ፣ በ1993 ይፋ በሆነው ውጤት በሽታውን አላዘገየውም። ሌላው አንቲኦክሲዳንት ኮኤንዛይም ኪው10ም በ600 ሰዎች ላይ እስከ 2400 ሚሊግራም ድረስ ተሞክሮ ጥቅም አላሳየም። አንዱ ማብራሪያ፣ መንቀጥቀጡ በታየ ጊዜ ከሴሎቹ ብዙዎቹ አልቀዋል የሚለው ነው። ለኔ ያሳምነኛል። «ለአንጎል ጤና» ተብሎ በውድ የሚቸበቸበውን እንክብል ሳይ ግን ትንሽ እናደዳለሁ።

ቀጥሎ ወደ አልዛይመር እሻገራለሁ። ትሬም2 የተባለው የማይክሮግሊያ ጂን ከበሽታው ጋር መያያዙ በ2013 ከታወቀ ወዲህ ብዙ ተጽፏል። ለጀማሪ የሚሆን ጥሩ ሌክቸር የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።