አባቴ «ወይዘሮ» የተባለበት ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን ያሉት የአክስቴ ልጆች በደወልኩ ቁጥር አንድ ነገር ይሉኛል። «እዚያ እኮ ሁሉ ነገር በስልክ ነው፤ ምን ያደክምሻል?» ጀርመን መኖር ማለት ስክሪን መንካት ብቻ ይመስላቸዋል።

ለመግዛት ከሆነ እውነታቸውን ነው። የስልክ መስመር የሸጠልኝ ልጅ ታብሌት ዘረጋልኝ፣ በጣቴ ፈረምኩ፣ እየሳቀ ሸኘኝ። በኋላ ሳየው ያላዘዝኩት «የስልክ ጥበቃ» የሚባል አገልግሎት ውሉ ውስጥ ገብቷል። የመጀመሪያው ወር ነፃ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ከባንኬ የሚቆረጥ።

ልውጣ ስል ነው ጉዱ የመጣው። ስደውል ማሽን ያነሳል። ማሽኑ ሙዚቃ ይከፍትልኛል። ከሙዚቃው በኋላ የሚመጣው ሰው «በደብዳቤ ይጻፉልን» ይላል። ጻፍኩ። «አልደረሰንም» አሉ። ባንኬን የተቆረጠውን መልሱልኝ አልኩ፤ መለሱልኝ። እዚህ በዚህ ዓይነት መንገድ ከሂሳብ የተወሰደ ገንዘብ እስከ 8 ሳምንት ድረስ ምክንያት ሳይጠየቅ ይመለሳል። ፈረንጅ ሲያበዛው ያበሳጫል እንጂ እንዲህ ያለ ሕግ ላይ አይታማም። ካምፓኒው ግን ዝም አላለም፤ ኢንካሶ ላከብኝ። ዕዳ ሰብሳቢ ነው። ጀርመን ያለ ሐበሻ ኢንካሶ ሲባል ሆዱ ይላወሳል።

ደብዳቤው «የተከበሩ ወይዘሮ» ብሎ ይጀምርና የአባቴን ስም ይጠራል። የእኔ ስም የለም።

እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ ፎርማቸው ደግሞ ያለ እሱ አያሳልፍም። ስለዚህ የአባት ስም እዚያ ይሞላና ደብዳቤ ሁሉ ለእሱ ይመጣል። የመብራቱም፣ የጤና ኢንሹራንሱም። እስከዚያ ቀን ድረስ ስቄ ነበር የማልፈው። ዕዳ ሲሆን ግን ሳቁ ጠፋ። አባቴ የመንዝ ሰው ነው። መሐል ሜዳ ገበያ ጨው እንኳ በዱቤ ወስዶ አያውቅም። መንዝ ውስጥ «የማን ልጅ ነሽ?» ስትባይ የምትጠሪው ስም መሬት ሲካፈሉም፣ ሲጋቡም፣ ሲጣሉም የሚነሳ ስም ነው። ያንን ስም አንድ ኮምፒውተር ቀሚስ አልብሶ «በ10 ቀን ውስጥ ካልከፈሉ» እያለ ያስፈራራዋል።

ታናሽ ወንድሜ አፉ አያርፍም፤ ለአባቴ ነገረው። በቪዲዮ ደወሉልኝ። አባቴ ባናውን ተከናንቦ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው። እኔ የሚታየኝ ጆሮው ብቻ ነው።

«ስንት ነው የሚፈልጉብን?» አለ።

«ኧረ አባዬ፣ ያንተ ዕዳ አይደለም።»

«ስሜ አለበት አይደል?»

«አለበት።»

«እንግዲያው ሁለቱን በግ እሸጣለሁ። ሰው አገር ስሜ በዕዳ ተይዞ አላድርም።»

በጎቹን ማትረፍ ከካምፓኒው ጋር ከመከራከር አልቀለለኝም።

መጨረሻ ላይ የሸማቾች ምክር ማዕከል ሄድኩ። በትልልቅ ከተሞች ሁሉ አለ። የተቀበለችኝ ሴትዮ ዕዳውን በጽሑፍ እንድቃወም አደረገች። አከራይ ሁሉ «የሹፋ ወረቀት አምጪ» የሚለው ነገር አለ፤ ሰው ዕዳውን መክፈል አለመክፈሉ የሚመዘገብበት ነው። በጽሑፍ የተቃወማችሁት ዕዳ እዚያ መመዝገብ የለበትም። ዝም ያለ ሰው ነው የሚጎዳው። እኛ ደግሞ ደብዳቤ ሳንከፍት መሳቢያ ውስጥ መክተት እንወዳለን።

ሌላም ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በኢንተርኔት ውል የሚያዋውል ድርጅት ድረ ገጹ ላይ ውል መሰረዣ ቁልፍ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። ሱቅ ገብታችሁ ለፈረማችሁትም ይሠራል። የእኔው ካምፓኒም አስቀምጧል፤ ከገጹ ግርጌ፣ መነጽር በሚያስፈልግ ፊደል።

እልህ ያዘኝና «ስለ እኔ የያዛችሁትን ሁሉ ላኩልኝ» ብዬ ጻፍኩላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ በአንድ ወር ውስጥ እንዲመልሱ ያስገድዳል። ወፍራም ፖስታ መጣ። መቼ እንደደወልኩ፣ ስንት ደቂቃ እንደጠበቅኩ፣ ምን እንዳልኩ። አንዱ መስመር ላይ «ደንበኛዋ ትጮኻለች» ይላል። ከጋራ ጋራ እየተጣራን ያደግን ሰዎች እኮ ነን! የእኔ ሹክሹክታ ለእነሱ ጩኸት ነው። ያልደረሰን ያሉት ደብዳቤም በገባበት ቀን ተመዝግቦ እዚያው ፖስታ ውስጥ ተገኘ። በዚህ ተረታን ብለው ዕዳውን ሰረዙት። የይቅርታ ደብዳቤም ላኩ፤ አሁንም ለወይዘሮ አባቴ።

አገር ቤት የተሻለ ነው እያልኩ አይደለም። ባለፈው ስመጣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቆሎ ገዛሁ። የተጠቀለለበት ወረቀት የአንድ ሰው የብድር ማመልከቻ ነበር። ስሙ፣ ስልኩ፣ ደሞዙ፣ የዋሱ ስም ሳይቀር አለ። ገብሱን እየቆረጠምኩ የሰውየውን ኑሮ አነበብኩ። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥሩም 1321 ነው። ቆሎ ተራ ገና አልደረሰም።

ልትመጡ ያሰባችሁ ስሙኝ። ሱቅ ገብታችሁ በፈገግታ አትፈርሙ። በኢንተርኔት የተዋዋላችሁትን በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መተው ትችላላችሁ፤ ሱቅ ውስጥ የፈረማችሁትን ግን ሻጩ በራሱ ፈቃድ ካልተቀበላችሁ አይቻልም። ውሉን በወረቀት ጠይቁ። የባንክ ቁጥራችሁን «ለመመዝገቢያ ብቻ ነው» ላላችሁ ሁሉ አትስጡ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ገና ሳትነሱ የምታደርጉት ነው። አንድ የሸዋሮቢት ልጅ «ሥራ አለ» ላለው የቴሌግራም ቻናል ፓስፖርቱን፣ የልደት ካርዱንና የትምህርት ማስረጃውን ፎቶ አንስቶ ልኳል። ለማን ነው የላክኸው ስለው «ለኤጀንሲው» ይላል። የትኛው ኤጀንሲ? ቻናሉ ተዘግቷል። ሰነድ መላክ የግድ ከሆነባችሁ መጀመሪያ ኮፒ አድርጉት፤ ኮፒው ላይ በእስክሪብቶ ለማን፣ ለምን ጉዳይና በየትኛው ቀን እንደሰጣችሁት ጻፉበት። ፎቶ የምታነሱት ከዚያ በኋላ ይሁን።