ማሳው ነው ወይስ ቦዩ? የጉማራን ውሃ የምለካበት መንገድ

ከጉና ተራራ ተነስቶ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና የሚገባው ጉማራ ሁለት ዓይነት ጭነት ይዞ ይወርዳል። አንዱ ከማሳ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ነው። ሌላው ከሰፈር ቦይ፣ ከሽንት ቤትና ከልብስ ማጠቢያ የሚመጣው ፍሳሽ። ጣና ላይ እምቦጭ ከታየበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ማን ምን ያህል እንደሚያበላሽ ክርክሩ አልበረደም። ከማዳበሪያም ከፍሳሽም የሚመጡትን ናይትሬትና ፎስፌት ብቻ ለክቶ ግን መልስ አይገኝም፤ የወንዙ ፍሰት አብሮ መለካት አለበት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የቦይ ፍሳሽ በጋም ክረምትም በተቀራራቢ መጠን ስለሚገባ ወንዙ ሲሞላ ይቀጥናል፣ በሚያዝያ ሲጎድል ይወፍራል። የማሳው ግን ዝናብ ካልገፋው ከቦታው አይነሳም። ስለዚህ ወንዙ ሲሞላ ጭነቱ አብሮ የሚጨምረውን ከማሳ፣ ጭነቱ ሳይለወጥ የሚቀጥነውን ከቦይ እቆጥራለሁ። ይህን የሚያፋልሰው በበጋ ወንዙ ዳር በሞተር የሚለማው ሽንኩርት ነው፤ ትርፍ ውሃው ተመልሶ የሚገባበትን ቦታ ለብቻው ካልለኩት ከቦዩ ጋር ይደባለቃል።

ናሙና የምወስደው ከቦዩ በላይ፣ ከቦዩ በታችና በባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ካለው ድልድይ አጠገብ ነው። «በታች» ሲባል ፍሳሹ ከወንዙ ጋር ከተዋሃደ በኋላ ማለት ነው። የውሃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም የሚለካውን ኮንዳክቲቪቲ ሜትር በግራ፣ በመሃልና በቀኝ እነክራለሁ። ንባቡ ከ5 በመቶ በላይ ከተለያየ ገና አልተዋሃደምና ወደ ታች መውረድ ነው። በዋንዛዬ አካባቢ ፍል ውሃው ራሱ ንባቡን ስለሚያዛባ እዚያ በዚህ መሣሪያ ብቻ አልፈርድም።

ለፍሰት ቀጥ ያለ 20 ሜትር መርጬ ብርቱካን እለቃለሁ፤ አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰጥም ነፋስ አይነዳውም። ርቀቱን በሰከንዱ ካካፈልኩ በኋላ በ0.85 አባዛለሁ፣ ምክንያቱም ላይኛው ውሃ ከሥረኛው ይፈጥናል። ከዚያ በየሜትሩ በለካሁት ጥልቀት በተሠላው የወንዙ መስቀለኛ ገጽ ስፋት (በካሬ ሜትር) ማባዛት ነው። ወንዙ ሲሞላ ግን ማንም አይግባ፤ ከፍታውን ከድልድዩ ላይ ክብደት በታሰረበት ገመድ ማንበብ ይበቃል።

ብዙ ልፋት ከንቱ የሚቀረው በጠርሙሱ ነው። በኦሞ የታጠበ ጠርሙስ ፎስፌት ሊተው ይችላል። እኔ በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ከዚያ በዲስቲልድ ውሃ አጥባለሁ። ወንዙ ውስጥ ፊቴን ወደ ላይ፣ ወደ መጪው ውሃ አዙሬ ከ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እቀዳለሁ። የሐምሌ ቀይ ውሃ ፎስፈረሱን አፈሩ ላይ ለጥፎ ስለሚመጣ ሁለት ጠርሙስ ያስፈልጋል። አንደኛው እዚያው በ0.45 ማይክሮን የተጣራ ሲሆን ሁለተኛው ያልተጣራ ነው፤ ይህ ላቦራቶሪ ውስጥ በአሲድ ይፈላል። ማጣሪያው በጥቂት ሚሊ ሊትር ስለሚደፈን አስቀድሞ ቀዳዳው ሰፋ ባለ የግላስ ፋይበር ማጣሪያ ማሳለፍ ነው። ፎስፌቱ የሚነበብበትን የቀለም መለኪያ ዜሮ የማደርገው ሪኤጀንት (ቀለም የሚያወጣው ኬሚካል) ባልተጨመረበት በዚያው በተጣራው ውሃ ነው፤ በንጹህ ውሃ ከተደረገ የወንዙ ቀለም እንደ ፎስፌት ይቆጠራል።

የኦክስጅን መለኪያም ከፍታውን ማወቅ አለበት። በ20 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ጠለል ሙሉ መጠን 9.1 ሚሊ ግራም በሊትር ሲሆን በ1,800 ሜትር ወደ 7.3 ይወርዳል። ሜትሩ ካልተስተካከለ ጤነኛ ወንዝ የታመመ ይመስላል። ናይትሬትም «እንደ ናይትሮጅን» ከተነበበ በ4.43 ይባዛል፤ 11.3ን ከመጠጥ ውሃ ወሰኑ ከ50 ሚሊ ግራም በሊትር ጋር ያለ ማባዛት አወዳድሮ «ችግር የለም» ማለት አደገኛ ነው።

ከሁሉ የሚያመልጠው የሰኔ የመጀመሪያው ጎርፍ ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ስለሚጥል ውሃው የሚደርሰው ሌሊት ነው፤ ደለሉ ደግሞ ከፍተኛው ውሃ ሳይደርስ ቀድሞ ይመጣል። ጠዋት የሚቀዳው ያለፈለት ውሃ ነው። ለዚህ በብረት ምሰሶ ላይ በተለያየ ከፍታ የሃይላንድ ጠርሙሶችን አስራለሁ። በየክዳኑ ሁለት ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ አንዱ ወደ ታች የተቆለመመ የውሃ መግቢያ፣ ሌላው ከፍ ብሎ የሚወጣ የአየር መውጫ። ውሃው ከቁልምሙ ጉብታ ሲያልፍ ጠርሙሱ ይሞላል፣ ሲሞላ ይቆማል። የአየር ቱቦው አጥሮ ከተሠራ ግን ወንዙ ከላይም ስለሚገባ ናሙናው ይቀየራል፤ ገለባም አፉን ይደፍነዋል። ይህ ጠርሙስ ለደለልና ለጠቅላላ ፎስፈረስ እንጂ ለአሞኒያና የሰገራ ብክለትን ለሚጠቁመው ባክቴሪያ ለኢ. ኮላይ አይሆንም። ኢ. ኮላይ በበረዶ ሆኖ በ6 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፣ ሲገኝም ከከብት ይሁን ከሰው ራሱ አይናገርም።

ለስሌት ያህል፣ በበጋ ፍሰቱ 2 ሜትር ኩብ በሰከንድ፣ ጠቅላላ ፎስፈረሱ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር ቢሆን 2 × 0.5 × 86.4 (ግራም በሰከንድን ወደ ኪሎ በቀን የሚቀይረው ቁጥር) በቀን 86 ኪሎ ይሆናል። በክረምት 60 ሜትር ኩብ በ0.2 ቢሆን 1,037 ኪሎ ነው። ቁጥሩ የቀነሰ መስሎ ጣና የደረሰው ጭነት 12 እጥፍ ሆነ። ከአንድ ኩንታል ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ ውስጥ ንጥር ፎስፈረሱ 16.6 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ ይህን ቁጥር ወደ ኩንታል መልሼ ለገበሬው ሳሳየው ስለ እርከንና ስለ ወንዝ ዳር ሣር የሚደረገው ንግግር ወዲያው ይጀመራል።