የአውራ ጣት አሻራ

ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የፎቶ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ቀለሙ የተዛባ ገጽም ሆነ ስሙ የተሳሳተ የደንበኛ ካርድ በጊዜው አስደንግጦኝ በጊዜው ተረስቷል። የጥቅምቱ ቢራቢሮ ግን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

አንድ አስጎብኚ ድርጅት ውጭ አገር ላሉ ደንበኞቹ የሚልከውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አዘዘን። በፈረንጆቹ ወራት 12 ገጽ ሲሆን፣ በየገጹ አንድ የደጋ ቢራቢሮ ይወጣል። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ፎቶ ከምንገዛ ራሳችን ብናነሣ ይሻላል አለ፤ እኔም ሐሳቡን ወደድኩት። እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ሹፌሩን ሳንቆጥር ስድስት ሆነን፣ በሚኒባስ በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦ ወጣን። መኪናው ውስጥ እንዲህ አልኳቸው፦ «እያንዳንዱ ሰው ሁለት የሚታተም ፎቶ ያመጣል። ባዶ እጁን የሚመለስ እንዳይኖር።» ስናገር ቀላል መስሎኝ ነበር።

ያን ያህል ማልጄ ያስነሣኋቸው የማለዳ ብርሃን ለፎቶ ደግ ስለሆነ ነው። ግን እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው፤ በጥቅምት ንጋቱ አጥንት ይሰብራል። ቢራቢሮ ደግሞ ሙቀቷን የምታገኘው ከፀሐይ ነው። ለመብረር የደረቷ ጡንቻ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለበት። እስከዚያ ድረስ ክንፎቿን ከጀርባዋ በላይ ገጥማ፣ ደረቅ ቅጠል መስላ፣ ሣር ውስጥ ተለጥፋ ትቆያለች። ፀሐይ ስታገኝ ክንፎቿን ትዘረጋና ትሞቃለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የምትነሣው። እኛ ሰማይ ሰማይ እያየን፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥን፣ ስንቷን በጫማችን ሥር እንዳለፍናት እግዚአብሔር ይወቀው። ይህን አስቀድሞ አንብቦ ለባልደረቦቹ መንገር የነበረበት ኃላፊው፣ ማለትም እኔ ነበርኩ።

ከምኒልክ ዘመን ወዲህ ተራራውን ያለበሰው ባሕር ዛፍም አላገዘንም፤ ከሥሩ አበባ እምብዛም የለም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ፣ አስታና ኮሸሽላ ያለበት ገላጣ ቦታ ደረስንና ቢራቢሮዎቹ መነሣት ጀመሩ። አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። በዚያ ቅርበት በሚያነሣ ሌንስ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ዓይኗ ሲጠራ የክንፏ ጫፍ ይደበዝዛል። የሰው ጥላ ካረፈባት ትበራለች። አንዷ ባልደረባችን ቫኔሳ ካርዱይ የምትባለውን፣ ሰሃራን ተሻግራ አውሮፓ ድረስ የምትዘልቀውን ቢራቢሮ ስታገኝ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። የቀሩት ያላባቸው፣ የደከማቸውና ፊታቸው የጠቆረ ነበሩ። ከሁላችን ወጣት የነበረው ረዳት ለረጅም ጊዜ ከዓይናችን ጠፍቶ ቆየና ከምሳ በኋላ አንድ ፎቶ አሳየን። ቫኔሳ አቢሲኒካ ናት፤ ስሟን ከአገራችን የወሰደች፣ በጥቁር ቡናማ ክንፏ ላይ ብርቱካንማ መስመር ያላት። ኮሸሽላ ላይ ክንፏን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሁላችንም አጨበጨብንለት። «የሽፋኑ ፎቶ ይህ ነው» አልኩ።

ሰኞ ኮምፒውተር ላይ ፎቶውን ለኅትመት ሳዘጋጅ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። አበባው ላይ ፀሐይ የለም፤ ጥላ ውስጥ ነው። ክንፎቿ ግን ሙዚየም ውስጥ በመርፌ እንደተሰካች ሁሉ ጠፍጥፈው ተዘርግተዋል። በጥላና በብርድ ያለች ቢራቢሮ ክንፏን ትገጥማለች እንጂ እንዲህ አትዘረጋም። ምስሉን አጎላሁት። የቢራቢሮ ክንፍ እንደ ቤት ክዳን በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው፤ ቀለሙም ያለው እነርሱ ላይ ነው። ሲነኩት እንደ ዱቄት ጣት ላይ ይቀራል፤ ተመልሶም አይበቅልም። በቀኝ ክንፏ ላይ ቅርፊቱ ተጠርጎ፣ ሥሩ ያለው ስስ ሽፋን የታየበት ሞላላ ቦታ ነበረ። የአውራ ጣት ያህል።

ልጁን ጠርቼ በሩን ዘጋሁ። ምንም ሳልናገር ስክሪኑን አሳየሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ከትቼ የለስላሳው በረዶ ላይ አስቀመጥኳት» አለ። ደንዝዛ መንቀሳቀስ ስታቅታት አበባው ላይ አስቀምጦ ክንፏን በጣቱ ገልጦታል።

«በኋላስ በረረች?»

«አላየሁም። ሚኒባሱ ሊሄድ ነው ብላችሁ ጠራችሁኝ።»

ልቆጣው ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ሳለ፣ «ባዶ እጁን የሚመለስ እንዳይኖር ብለዋል እኮ» አለኝ። ድምፁ የክርክር አልነበረም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሥራ ከጀመረ አራት ወሩ ነው፤ የሙከራ ጊዜውን የምገመግመው ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን እያወቅሁ ነው ሰው እንደ ጆንያ ቆጥሬ ሁለት ሁለት ያልኩት። በዚያች ክንፍ ላይ ያረፈው ጣት የእርሱ ቢሆንም የገፋው እኔ ነበርኩ፤ ይህንኑም በግልጽ ነገርኩት።

ወደ ባለቤቱ አብረን ገባን። በመጀመሪያ ኃላፊነቱን ወሰድኩ፤ ከዚያ ፎቶው ከሽፋኑ ላይ ይቅር አልኩ። ባለቤቱ የሽፋኑ አራት ፕሌቶች፣ ማለትም የማተሚያ ሰሌዳዎቹ፣ መሠራታቸውን አስታወሰኝ። «ደንበኛው በምን ያውቃል?» አለ። እኔም፣ የደጋ ቢራቢሮ እነሆ ብለን በረዶ ላይ ያደነዘዝናትን ማሳየት ውሸት መሆኑን አስረዳሁት። ለአፍታ አሰበና የፕሌቱ ወጪ ከክፍሌ በጀት እንዲነሣ አዘዘ። ፍርዱ ልክ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ወጣን። በዚህ ጊዜ ከፒያሳ የተነሣነው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የፎቶ ቁጥርም አልተጠራም። የዚያች ቢራቢሮ አባጨጓሬ ሳማ እንደሚበላ አንብቤ ስለነበር ሳማ ያለበትን ጥግ ፈለግን። ልጁ በሆዱ ተኝቶ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። እጁን ሳማ ለብልቦት አብጦ ነበር፤ ሆኖም አልተነሣም። አንዷ መጥታ ድንጋይ ላይ አረፈች፤ በረረች፤ ቆይታ ተመልሳ እዚያው አረፈች። ፀሐይዋን እየሞቀች ክንፏን ቀስ ብላ ገለጠች።

ፎቶው ላይ የግራ ክንፏ ጫፍ ተቦጭቋል። ባለቤቱ አይቶ፣ «ቆንጆ ነው፤ ይህችን ቀዳዳ በኮምፒውተር ድፈኑልኝ» አለ። ልመልስ አፌን ስከፍት ልጁ ቀደመኝ።

«ጌታዬ፣ አይደፈንም። ወፍ ሳይነክሳት አይቀርም። አምልጣ ነው የመጣችው።»

ባለቤቱ ፎቶውን ዓይኑ አጠገብ አቅርቦ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ፈርሞበት ወደ ፕሌት ክፍል ላከው።